ለመንገደኛ የምትታደል የኪስ ጊታ፦ የጎራክፑሯ እትም

የሂንዱዎችን ቅዱስ መጽሐፍ፣ ብሃጋቫድ ጊታን፣ ለማያውቁት ሰው መስጠት በብዙዎቹ ዘንድ እንደ አምልኮ ይቆጠራል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1923 በህንድ ጎራክፑር የተቋቋመው ጊታ ፕሬስ የሚያሳትማት የኪስ እትም ትመቻለች። ዋጋዋ ሆን ተብሎ ዝቅ ስለተደረገ በደርዘን ገዝቶ ማደል አይከብድም፤ በባቡር ጣቢያ ሱቆቹም ትሸጣለች።

ስትገዙ ግን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። 700ው ስንኝ በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ ብቻ የታተመበት አለ፤ ከየስንኙ ሥር ትርጉም ያለውም አለ። የመጀመሪያው በቃሉ ለሚያነበንብ ነው እንጂ ለአዲስ አንባቢ ምንም አይፈይድም። ፊደሏም ደቃቅ ስለሆነ ለአዛውንት ትልቁን መጠን ያዙ።

አሰጣጡ ወግ አለው፦ መሬት ላይ አትቀመጥም፣ እግር አይነካትም፣ በቀኝ እጅ ትሰጣለች። አስቀድማችሁ በምን ቋንቋ እንደሚያነብ ጠይቁ፤ ታሚል ብቻ ለሚያነብ ሰው የሂንዲው እትም ሸክም ነው። እምቢ ካለ አትጫኑት። ጊታው ራሱ፣ ምዕራፍ 18 ስንኝ 67 ላይ፣ መስማት ለማይሻ እንዳይነገር ያዛል (አዳዮች የሚዘነጉት ይቺኑ ነው)። በነጻ ወይስ በሳንቲም? ጥቂት የከፈለበትን ሰው መግለጡ ስለማይቀር፣ ሁለተኛው ይሻላል።