ቴርሞስታቱ ሰባት ወር አኮራኝ፣ በስምንተኛው ግን ከዳኝ

የእባቤን የመስታወት ሳጥን ማሞቂያ እያበራ እያጠፋ ሙቀቱን የሚጠብቀውን ይህን ቴርሞስታት ከገዛሁ ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ ኖሮ «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙት» ነበር የምላችሁ። ማሞቂያውን ትሰኩበታላችሁ፣ 32 ዲግሪ ትሞሉታላችሁ፣ አለቀ። ስክሪኑ በጨለማም ይነበባል። ስለ ደህና ጊዜው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የምጽፈው ሙቀቱ ከባድ በነበረበት አንድ ሳምንት ስለሠራኝ ሥራ ነው።

የማሳድጋት እባብ ቦል ፓይተን የምትባል መርዝ የሌላት ዝርያ ናት። ቀን መደበቂያዋ ውስጥ ተጠቅልላ ትውላለች፣ የምትንቀሳቀሰው ማታ ነው። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወጥታ አፍንጫዋን የክዳኑ ጠርዝ ላይ እየገፋች ስትዞር ሳያት ልቤ ድንግጥ አለ። ሮጬ ስክሪኑን አየሁ። 27 ይላል። እኔ ቆሜ ላብ እያጠመቀኝ እሱ 27 ይላል! የማሞቂያው መብራት ደግሞ በርቷል።

ክዳኑን ስከፍት ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር ያገኘሁት የውሃ ሳህኑ ውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ የሚያጣብቀው የጎማ መምጠጫ በሙቀቱ ላልቶ ለቆታል። መሣሪያው የሚለካው ውሃውን ነበር ማለት ነው፤ ውሃው ቀዝቀዝ ስላለ «ቤቱ በርዶታል» ብሎ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ ያነደዋል። በርቀት በሚለካው ቴርሞሜትር ከሳጥኑ ሥር ካለው የማሞቂያ ንጣፍ በላይ ያለውን መስታወት ስለካው 46 ዲግሪ አሳየኝ። 46! እባብ ከሥሯ ያለው ነገር ሲያቃጥላት እንኳ ሳትነሳ ቆይታ ሆዷ ሊቆስል ይችላል። የእኔዋ ቀድማ ስለወጣች ተረፈች። ንጣፉን ነቀልኩ፣ አወጣኋትና ሆዷን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ አገላብጬ አየሁ። ቁስል የለም። እጄ ግን ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ሻጭ ቢሰማኝ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ሴንሰሩን በደንብ አላጣበቅከውም» ይለኛል። ወንድሜ፣ ያጣበቅኩት መመሪያው ላይ ባለው ሥዕል መሠረት ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ያው የጎማ መምጠጫ ነው፣ የተለጠፈውም ከውስጥ ነው። «ታዲያ በፕላስተር ለጥፈው» ቢለኝስ? የሚጣበቅ ፕላስተር እባብ ቤት ውስጥ በፍጹም አይገባም። ቅርፊቷ ላይ ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቆዳዋን ይዞ ይመጣል። ለእባብ ብሎ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

ደግሞ እኮ ከሙቀት የሚያድናት ይህ መሣሪያ ነው ብዬ ነበር የተማመንኩት። ማሞቂያው ያለማቋረጥ ለሰዓታት ሲነድ፣ ቁጥሩ ግን ከ27 ፈቀቅ ሳይል ሲቀር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጢጥ አይልም? ለእኔ ዋናው ጥፋቱ ይኼ ነው። ጎማ ይለቃል፣ እሱን እረዳለሁ። ዝም ማለቱን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አሁን ሴንሰሩን ከውጭ፣ በንጣፉና በመስታወቱ መሃል አድርጌዋለሁ። እዚያ እሷም አትነካውም፣ ውሃም አያገኘውም፣ ፕላስተር ብጠቀምም ከውጭ ስለሆነ ችግር የለውም። እዚያ ቦታ የሚነበበው ቁጥር እሷ ከምትተኛበት ወለል ከፍ ይላል። ስለዚህ የምሞላውን ቁጥር የማስተካክለው ወለሉን ራሱን እየለካሁ ነው።

ሴንሰሩ ከተስተካከለ በኋላም ሙቀቱ አልቀነሰም ነበርና ሌላ ነገር ተማርኩ። ካርቶኑ ላይ «ሙቀት ተቆጣጣሪ» ተብሎ ተጽፏል። የሚቆጣጠረው ግን ማሞቂያውን ብቻ ነው። ክፍሉ ራሱ 35 ሲገባ ማሞቂያውን ያጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው የለም። እባብ ደግሞ አታልብም፤ የምትበርደው ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጋ በመሄድ ነው። ቦል ፓይተን ሞቃቱ ጎን 32 አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ25 እስከ 27 ቢሆንላት ደስ ይላታል። ሁለቱም ጎን 35 ከሆነ የምትሸሽበት የለም።

ያዳነን የበረዶ ጠርሙስ ነው። ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዘቅዝና በጨርቅ ጠቅልዬ በቀዝቃዛው ጎን በኩል የወንፊት ክዳኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ሲቀልጥ በሌላ እቀይረዋለሁ። በረዶውን ውስጥ አላስገባም፣ እንድትነካውም አልፈልግም። ቬንትሌተርም ሞክሬያለሁ፣ ግን ክፍሉ ራሱ ከጋለ የሚያመላልሰው ያንኑ ትኩስ አየር ነው፤ የረዳኝ ማታ መስኮት ስከፍት ብቻ ነው። ሳጥኑንም ከመደርደሪያው ወደ ወለሉ፣ ከመስኮቱ ርቆ፣ አውርጄዋለሁ። የመስታወት ሳጥን ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ምን ዓይነት ቴርሞስታት ቢኖራችሁ ዋጋ የለውም።

እንዲህ ተናድጄም መሣሪያውን አልጣልኩትም። ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት መሰካት ከዚህም የባሰ ነው። ግን ብቻውን አላምነውም። ዛሬ እንደገና የምገዛ ብሆን ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍም፣ ሴንሰሩ ሲበላሽም የሚጮኸውን ነበር የምመርጠው። ይህንን ለወዳጄ አልመክርም፤ ባለፈው ወር የመከርኳቸውን ሁለት ሰዎች ደውዬ ሴንሰራቸውን እንዲያዩ ነግሬያቸዋለሁ። የአንዱም ጎማ ግማሹ ለቆ ነበር።

ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን መዝግቦ የሚይዝ ሌላ ቴርሞሜትር ቀዝቃዛው ጎን ላይ አስቀምጫለሁ፤ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ምግብ ከሙቀቱ በኋላ ሁለት ሳምንት አቆየሁባት፣ በዚያ ሁኔታ በልታ እንዳታስመልሰው ብዬ። ትናንት ማታ ሰጠኋት። ሳትጠራጠር ወሰደች፣ ከዚያ ተመልሳ መደበቂያዋ ገባች።