የቀጥታ ጃዝ ፊውዥን አልበም ሐዋሳ ላይ ለመቅዳት፦ ሁለት ማይክ ወይስ ባለብዙ ትራክ?

በአንቺሆዬ ቅኝት ሃያ ደቂቃ የፈሰሰ ኢምፕሮቫይዜሽን (እዚያው እየተፈጠረ የሚጫወት ዜማ) ተመልሶ አይገኝም። የቀረጻው መንገድ ቀድሞ ይወሰን።

ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ብቻ ከሆነ፣ በ17 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ 110 ዲግሪ ክፈቷቸው፤ ከመድረኩ 3 ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከሰው ራስ በላይ ይቁሙ። ሙዚቀኞቹ እየተደማመጡ ድምፃቸውን ሲያነሱና ሲያወርዱ እንዳለ ይገባል፤ ውበቱም እዚያ ነው። ከበሮው ኪቦርዱን ከዋጠው ግን በኋላ ማስተካከያ የለውም። ሐይቁ ዳር፣ ክፍት ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ማይኩን እየመታ ያጉረመርማል። የነፋስ መከላከያ ፀጉር አልብሱት፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅም ቁረጡ።

በባለብዙ ትራክ እያንዳንዱ መሣሪያ ከሚክሰሩ ለየብቻ ይቀዳል። ሲግናሉን ከፌደሩ (ድምፅ ከፍ ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት ውሰዱ፤ አለዚያ የድምፅ ባለሙያው ለታዳሚው ሲል ሳክስፎኑን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ቀረጻውም አብሮ ይወርዳል። በልምምድ ሰዓት ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጉ፤ ሶሎው ሲሞቅ ተጫዋቹ ከልምምዱ አብልጦ መጮኹ አይቀርም። 16 ቻናል በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በሰዓት 8 ጊጋባይት ይፈጃል። መብራት ድንገት ከጠፋ ያልተዘጋው ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ሚክሰሩንም መቅጃውንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሰኩ።

ለአልበም ባለብዙ ትራኩን እንመርጣለን፤ ግን ብቻውን ደረቅ ነው፣ ጭብጨባውና የቤቱ አየር ይጎድለዋል። ሁለት የታዳሚ ማይክ ጨምሩበት። ከመድረኩ 10 ሜትር ከራቁ ድምፁ 29 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል፤ ሚክስ ስትሠሩ ያንኑ ያህል ቀደም እንዲሉ ካላደረጋችኋቸው የስኔሩ (የትንሿ ስል ድምፅ ከበሮ) ምት ይደበዝዛል።