ባርሴሎና ላይ እናቴን ባህር ላስገቡልኝ ልጆች

ስማቸውን አልጽፍም፤ ፈቃድ አልጠየቅኳቸውም። አማርኛም አያነቡም። ግን ነሐሴ ላይ ባርሴሎና፣ ኖቫ ኢካሪያ በሚባለው ባህር ዳርቻ እናቴን ውሃ ያስገቡልኝን ሦስት ወጣቶች ሳላመሰግን ዝም ብል ይቆጨኛል። ደግሞ እናቱን ወይ አባቱን በዊልቸር ይዞ "ባህር ለኛ አይሆንም" ብሎ የተወ ሰው ካለ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ደከመ። ተደግፋ ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች፤ ከዚያ ውጪ ዊልቸር ነው። ዘንድሮ ቪዛው ተሳክቶላት እኔ ጋ ጀርመን መጣች። የአንድ ሳምንት እረፍት ነበረኝ። ብሩ ግን ያው የምታውቁት ነው። ርካሽ በረራ ስፈልግ ባርሴሎና ወጣልኝ። ባህር ዳርቻው መግቢያ አያስከፍልም። ሆቴልና ታክሲ ላይ ካልተዝናናችሁ በትንሽ ገንዘብ የምትውሉበት ቦታ ነው። እቅዴ አሸዋው ጫፍ ላይ አስቀምጫት ባህሩን እንድታይ ነበር። በቃ፣ ማየት።

የመጀመሪያው ቀን ተስፋ አስቆርጦኝ ነበር። "ለዊልቸር ይመቻል" ብሎ ያስተዋወቀው ማደሪያ በሩ ላይ ደረጃ ነበረው። ስጠይቅ "ሦስት ብቻ እኮ ናቸው" አሉኝ። ሦስት ብቻ! ስለዚህ በማግስቱ ባህር ዳርቻው ላይ "ነፃ የእርዳታ አገልግሎት" የሚል ነገር ሳይ አላመንኩም።

ቦታውን ትንሽ ልንገራችሁ። ዛሬ ሰው የሚንጋጋበት ያ ዳርቻ እንዲህ የሆነው በፈረንጆቹ ለ1992ቱ ኦሊምፒክ ነው። ከዚያ በፊት ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ከተማውን ከባህሩ ለይቶት ነበር። የኦሊምፒክ መንደሩን ከጀርባው ሠሩና ባህሩን ለከተማው ሰው መለሱለት። ፍራንክ ጌሪ የሠራው ትልቁ የመዳብ ቀለም ያለው ዓሣ ከሩቅ ይታያችኋል። አሸዋው ላይ ቮሊቦል አለ፣ ስፒከር ይዞ የሚጨፍር አለ፣ በሰው መሀል እየተሹለከለከ "ሰርቬሳ፣ ቢራ!" የሚል አለ። ሲጋራ ከ2022 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ይሄ ለእማዬ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ጫጫታ አልረበሻትም። "መርካቶ ባህር ቢኖረው ይሄ ነበር" አለች።

አገልግሎቱን እዚያ "ባኞ አሲስቲዶ" ይሉታል፤ ታግዞ መታጠብ እንደማለት ነው። የከተማው አስተዳደር በበጋ ወራት የሚያቀርበው ነው፤ አምስት ሳንቲም አይከፈልበትም። የእንጨት መንገድ በአሸዋው ላይ ተዘርግቷል። ወፋፍራም ጎማ ያለው፣ አሸዋ ውስጥ የማይሰምጥ፣ ክንዱ ላይ መንሳፈፊያ የተገጠመለት ወንበር አላቸው። እንደ ጉማሬ የብስም የውሃም የሆነ ወንበር በሉት።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው ማንሳት እንጀራዬ ነው። ስለዚህ ዓይኔን ጥዬ ነው የጠበቅኳቸው።

አንደኛዋ ልጅ መጥታ እማዬ ፊት ተንበረከከች። እኔን አልፋ እሷን ነው ያናገረችው። "መግባት ይፈልጋሉ? የትኛው ጎንዎ ነው የሚደክምዎት?" እያለች። እኔ አስተርጓሚ ብቻ ሆንኩ። ሐኪም ቤት እንኳን "እሷ መድኃኒት ትወስዳለች?" ብለው እኔን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ። ከዚያ ወንበሩን በደህናው ጎኗ በኩል አስጠጉት። ብሬኩን ሁለቴ አዩ። የደከመውን ክንዷን ማንም አልጎተተም። በብብቷ ስር ገብቶ ያነሳትም የለም። በደህናው እግሯ ራሷ ገፍታ እንድትነሳ ጠበቋት። ይሄን አዲስ ሠራተኛ ለማስተማር እኛ ጋ ስንት ወር ይፈጃል መሰላችሁ።

ችግር የመጣው ከእማዬ በኩል ነው። ፍልሰታ ነበር። በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህልም ውሃም አትቀምስም። "ውሃው አፌ ከገባ ጾሜ ፈረሰ ማለት አይደል?" አለችኝ። ምን ልበል? ለልጅቷ በእንግሊዝኛ አስረዳኋት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። ከዚያ አንዱ ከኋላ ወንበሩን ይዞ፣ አንዷ በጎን ሆና፣ እሷ ከፊት ቀደመች። ሞገድ በመጣ ቁጥር ጀርባዋን ለሞገዱ ሰጥታ ከእማዬ ፊት ትቆማለች። አንድም ጠብታ አፏ አልገባም። የማንን ጾም እንደምትጠብቅ እንኳን አታውቅም።

ወገባቸው ድረስ ሲገቡ ወንበሩ ተንሳፈፈ። እማዬ ዝም አለች። ከዚያ፣ "ጉርጉሱም ከዚህ ይሞቃል" አለች።

አባቴ ባህር ኃይል ውስጥ ምጽዋ እንደሠራ አውቃለሁ። እሷም ሙሽራ ሆና ሁለት ዓመት እዚያ እንደኖረች አውቃለሁ። እሁድ እሁድ ጉርጉሱም ወስዶ ዋና እንዳስተማራት ግን ነግራኝ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ባህር ነክታ አታውቅም፤ ሃምሳ ዓመት ሆነ። "አንቺ ዋና ትችያለሽ?" ብላት "እችል ነበር" ብላ ግራ እጇን ውሃ ውስጥ ዘረጋችው። ተአምር አልልም። ውሃ ክብደት ያቀላል፤ ፊዚዮቴራፒስቶች ገንዳ ውስጥ የሚያሠሩት ለዚህ ነው። ግን ያ እጅ እንደዚያ ሲንቀሳቀስ ሦስት ዓመት አላየሁም።

ስትወጣ ሦስቱንም በየተራ ግንባራቸውን ስማ መረቀቻቸው። "ወልዳችሁ ሳሙ" የሚለውን ስተረጉምላቸው ወንዱ ልጅ ደነገጠ። ቲፕ ልሰጣቸው ስል አንቀበልም አሉ።

ማታ ማደሪያችን ሆነን፣ ይሄው አገልግሎት ባርሴሎኔታ ሰፈር አጠገብ ባለው ሳንት ሚኬል ባህር ዳርቻም እንዳለ ነገርኳት። "ሚኬል ማለት?" "ቅዱስ ሚካኤል።" "ታዲያ ሚካኤል እያለ ለምን ሌላ ቦታ ወሰድሽኝ?" በማግስቱ ሚካኤል ሄድን። እዚያም ጎበዞች ናቸው፤ ሰው ግን ይበዛል፣ ወረፋው ረዘም ይላል። ለእኔ ኖቫ ኢካሪያ ይሻላል። ለእማዬ ግን ይሄን አትንገሯት።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ልበል። የአገልግሎቱ ቀንና ሰዓት እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የከተማውን ድረ ገጽ እዩ። የከተማው አውቶቡሶች ሁሉ ለዊልቸር መወጣጫ አላቸው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ቲ ካሱዋል የሚሉትን ትኬት አትግዙ፤ አሥር ጉዞ አለው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቲ ፋሚሊያር ስምንት ጉዞ ሆኖ አንድ ላይ ትጠቀሙበታላችሁ። ቦርሳችሁን አሸዋ ላይ ጥላችሁ አትግቡ፤ ሌባው ፈጣን ነው። የጾም ምግብ ለምትፈልጉ ፓን ኮን ቶማቴ እዘዙ፤ ቲማቲም የታሸበት ዳቦ በወይራ ዘይት ነው። ርካሽ ነው፣ እማዬም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የበላችው እሱን ነው፤ "ሚጥሚጣ ቢኖረው" እያለች።

ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ረስተን እማዬ የተጠራረገችው በነጠላዋ ነው።