ለድንጉጥ ውሻ ልክ የሆነውን ቤት የሚመርጡት ጋሼ፦ ከደብረ ብርሃን ምስጋናና ጥቆማ

ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ጣርማበር ወይም ደብረ ሲና ሆናችሁ አንዲት ትንሽ ድንጉጥ ውሻ ከመንገድ አንስታችሁ «ለማን ልስጣት?» ብላችሁ ለተቸገራችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለች ውሻ ወስዳችሁ ማሳደግ ለምትፈልጉ የምንጠቁማችሁ ሰው አለ። ጠባሴ በኩል የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ረዳት ናቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም። ሰፈሩ «የውሻው ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኛም ጋሼ እንበላቸው። ይህን የምንጽፈው ከእርሳቸው እጅ ውሻ የተቀበልን ቤተሰቦች ተነጋግረን ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለውሻ የሚራራ ሰው አይጠፋም። የጋሼ ሙያ ያለው እምቢ ማለቱ ላይ ነው። «ውሻዋን ስጡኝ» ብሎ የመጣውን አብዛኛውን ሰው ባዶ እጁን ይመልሱታል። ሰውየው ክፉ ሆኖባቸው አይደለም፤ ቤቱ ለዚያች ውሻ ስለማይሆን ነው። ቅር ብሎት የሄደ አለ፤ ሌላ የምትስማማው ውሻ ስትገኝ ተጠርቶ የመጣም አለ።

አገራችን ላይ ውሻ የሚፈለገው ለጥበቃ ነው፦ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ልቅ። ለጠንካራ ውሻም ቢሆን መልካም አያያዝ ነው አንልም፤ ለትንሽ ድንጉጥ ውሻ ግን የለየለት ጥፋት ነው። የፈራች ውሻ መሸሽ፣ ድርቅ ብሎ መቆም ወይም መንከስ ነው ያላት። ሰንሰለቱ መሸሹን ይነጥቃታል። ድርቅ ብላ ስትቆም «ለመደች» ተብሎ ልጆች ይዳብሷታል። የቀራት መንከስ ስለሆነ ትነክሳለች። ከዚያ «ተናካሽ» የሚል ስም ወጥቶላት በጆንያ ተይዛ ከከተማ ውጭ ትጣላለች። «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» የሚለውም አባባል እዚህ ላይ አይሠራም። ስታጉረመርም የተመታች ውሻ ማጉረምረሟን ትተዋለች እንጂ ፍርሃቷን አትተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች። ጋሼ «ስታጉረመርምብህ ምን ታደርጋለህ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። «ቀጥቅጬ ዝም አሰኛታለሁ» ያለ ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይሸኛል።

ያነሷትን ውሻ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ያህል ራሳቸው ጋ ሳያቆዩ ለማንም አይሰጡም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ጠባይ እውነተኛ ጠባይዋ አይደለምና። ጭምት መስላ ጥጓን ይዛ የተኛችው ከፍርሃት ብዛት የደነዘዘች ትሆናለች፤ ስትረጋጋ ዶሮ የምታባርር፣ ወንድ ሰው ሲገባ የምትደበቅ ወይም ብቻዋን ስትቀር የምታለቅስ ሆና ትገኛለች። ይህን ሳያውቁ ቤት መምረጥ በጨለማ ጫማ መለካት ነው።

በዚያው ጊዜ ጤናዋም ይያዛል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዕድሜዋ 3 ወር ከሞላ ይሰጣታል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ተመዝኖ ይሰጣታል። በግ አርቢ በበዛበት ሰሜን ሸዋ ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም፦ በጉን አዙሮ አዙሮ የሚጥለው በሽታ ዑደቱን የሚጨርሰው የታረደ በግ ጭንቅላት በበላ ውሻ አንጀት ውስጥ ነው፤ በጉበትና በሳንባ ላይ ውኃ የሚቋጥረው፣ ሰውንም ለቀዶ ሕክምና የሚዳርገው ትል እንዲሁ ጥሬ የሆድ ዕቃ ከበላ ውሻ ይመጣል። በበዓል ማግስት ጉበትና ሳንባውን አጥር ጥግ የሚወረውር ቤት ውሻ እንዲወስድ አይፈቀድለትም፤ ቀቅሎ ለመስጠት ወይም ለመቅበር መስማማት አለበት።

የቁንጫና የእከክ ነገር ብዙ ትንንሽ ውሾችን በሰው እጅ ገድሏል። ለበግ መንከሪያ የሚሸጠውን ዲያዚኖን በግምት በጥብጦ ማፍሰስ የተለመደ ነው። መርዙ በቆዳ ይገባል፤ ልሃጯ ይዝረበረባል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ካልተደረሰላትም ትሞታለች። የበጉ የኢቨርሜክቲን መርፌም እንዲሁ ነው፤ የተለመደው ዓይነት 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ የበግ ክብደት ነው የተለካው። 5 ኪሎ ለማትሞላ ውሻ «ትንሽ ጠብታ» ብሎ መውጋት ከልክ በላይ መስጠት ነው። አንዳንድ የውሻ ዘሮች ደግሞ ከነጭራሹ መድኃኒቱን አይችሉትም። ጋሼ እነዚህን ገዝቶ የመጣ ሰው ሲያዩ ጠርሙሱን ተቀብለው ያስቀምጡና የክሊኒኩን መንገድ ያሳያሉ።

ቤቱን የሚያዩት ራሳቸው ሄደው ነው። ሳሎኑ ንጹሕ ይሁን አይሁን አያዩም። መጀመሪያ ጎንበስ የሚሉት በሩ ሥር ነው፤ ቡጢያቸውን በቆርቆሮው ሥር ያስገባሉ። ቡጢ ካለፈ የትንሽ ውሻ ጭንቅላት ያልፋል፣ ጭንቅላት ካለፈ ገላዋም ይከተላል። ውጭው ደግሞ ጅብ አለ፤ ለደብረ ብርሃን ዳርቻ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ክፍተቱ በድንጋይ ወይም በጣውላ ካልተዘጋ ውሻዋ አትሄድም። ቀጥሎ ግቢው የጋራ ነው ወይ? ተከራይ ስንት ነው? በሩን ማን ይከፍታል፣ ማን ይረሳል? አከራይ ከአፍ ያለፈ ስምምነት ሰጥቷል? ቀን ቤት የሚውል አለ? ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው? ከ7 ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት ድንጉጥ ውሻ አይሰጡም። ሕፃን ሮጦ አቅፎ መያዝ ይወዳል፤ ለፈራች ውሻ ደግሞ ከዚያ የከፋ የለም። ብዙ ሰው «ልጆቼ ለውሻ ደግ ናቸው» ብሎ ይሟገታል፤ አይቀበሉትም፣ እኛም ትክክል ናቸው እንላለን።

የሚገርመው፣ ሌላ ረጋ ያለ ውሻ ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ድንጉጧ ያቺን እያየች ትማራለች፦ እንግዳ ሲገባ ያኛዋ ካልተነሳች ይቺም ትረጋጋለች። ሁለቱ የሚተዋወቁት ግን ከግቢ ውጭ፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ ነው፤ በር ላይ ፊት ለፊት አይደለም።

ከሰው ጋር መተዋወቁ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው። አሳዳጊው በርጩማ ላይ ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል፤ አይጠራትም፣ ዓይኗን አያይም፣ እጁን አይዘረጋም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የተቀቀለ ሥጋ እየቆረሰ መጀመሪያ ከራሱ አርቆ፣ ቀስ በቀስ እያቀረበ ይጥላል። እዚህ ላይ ጋሼ የሚያዩት የኋላ እግሮቿን ነው። የኋላ እግሮቿን ከኋላ ተክላ አንገቷን ብቻ ካስረዘመች ሥጋውን ፈልጋ እንጂ ሰውየውን አምና አይደለም፤ በዚያች ሰዓት እጁን ከሰነዘረ የቀደመው ሁሉ ይፈርሳል። ከንፈሯን መላስ፣ ሳይደክማት ማዛጋት፣ የዓይኗን ነጭ ማሳየት፣ የምትወደውን ሥጋ እያሸተተች መተው ሁሉም «በቃኝ» ነው። አራቱን እግሯን ይዛ መጥታ ጎኑን ካሸተተች በኋላም ጭንቅላቷን ከላይ አይነካም፤ ደረቷን ወይም አንገቷ ሥር ለሦስት ሰከንድ ያህል አክኮ እጁን ይመልሳል፣ እንዲደገምላት ራሷ ትጠጋለች ወይም ትሄዳለች። ሦስት ጊዜ መጥቶ ይህን ለመጠበቅ ትዕግሥት ያጣ ሰው ቤት ወስዶም አይታገሥም።

የምትሄድበት ቀን ጠዋት ነው፤ በመንገድ እንዳታስመልስ ቁርስ ሳትበላ። ባጃጅ ውስጥ በእቅፍ አትወሰድም። መተንፈሻ ያለው ሣጥን፣ ላዩ በጨርቅ የተሸፈነ። የአንገት ማሰሪያ ብቻውን አይታመንም፤ የፈራች ውሻ ወደ ኋላ ተስባ ጭንቅላቷን ታወጣዋለች። በደረቷ የሚዞር ማሰሪያ ይጨመራል፣ ገመዱም ሁለቱ ላይ ይታሰራል። ጥብቀቱ ሁለት ጣት የሚያስገባ ብቻ።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጥግ ተሰጥቷት ትተዋለች። አትታጠብም፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራ «ኑ እዩልኝ» አይባልም፣ ከአልጋ ሥር ተጎትታ አትወጣም። ምግቧ ጋሼ ጋ ስትበላው የነበረው ነው፤ አዲሱ በሳምንት ውስጥ እየተቀላቀለ ይተካል። ፍርፋሪውን በወጥ አርሶ መስጠት የለም፦ ወጣችን ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። 3 ሳምንት ገደማ የቤቱን ሥርዓት ትለምዳለች፣ ቤቴ ነው ለማለት እስከ 3 ወር ይፈጃል። ይህ ግምት ነው፤ የባሰች ድንጉጥ ዓመትም ትፈጃለች።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ለአጭር ፀጉር ትንሽ ውሻ ጨካኝ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱን ቤት ውስጥ ብታድር ይሻላል። ካልተቻለ ሣጥኗ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፣ አፉ ከነፋስ ይዞራል፣ ስፋቱ ገብታ ለመዞር የሚበቃት ብቻ ይሆናል፤ ከሰፋ በገላዋ ሙቀት አይሞቅም። ውስጡ ጭድ ነው። አሮጌ ብርድ ልብስ እርጥበት ይዞ በረዶ ይሆንባታል።

የቀን አቆጣጠሩንም አትርሱ። ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ሰፈሩ ሁሉ ጅራፍ ያጮኻል። ጅራፉ ከዋዜማው ቀናት ጀምሮ ይሰማልና ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ወሩ አጋማሽ ጋሼ ውሻ አያስረክቡም፤ የርችት ሰሞንና ሰርግ ያለበት ሳምንትም እንዲሁ። አዲስ ቤት የገባች ውሻ በዚያ ድምፅ ከደነገጠች የምትሸሸው ወደማታውቀው አገር ነው፣ ተመልሳ አትገኝም።

መንዝ ላላችሁ አንድ ነገር። ከጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጠርዝ ላለ ቤት ያልተከተበ ውሻ በምንም ምክንያት አይሰጡም። የጓሳው ቀይ ቀበሮ በቁጥር እጅግ ጥቂት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሾች ተነሥቶ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን እንደፈጀ የታወቀ ነው። ክትባት ቢኖራትም ከግቢ የማትወጣ መሆኗን ካላረጋገጡ ይተዋሉ።

ገንዘብ አይቀበሉም፤ የክትባቱንና የመድኃኒቱን ወጪ ክሊኒኩ ላይ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ሴት ከሆነች የማምከኛውም ሒሳብ ይጨመራል፤ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሲደርስ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥሩን ይከባልና። አንድ ወረቀት ላይ ትፈርማላችሁ፦ ካልተስማማችሁ ለሌላ ሦስተኛ ሰው አትሰጧትም፣ ወደ ጋሼ ትመለሳለች፤ ያለ ወቀሳ ይቀበሏታል። በማግሥቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ይደውላሉ። በላች ወይ ብለው አይጠይቁም፤ የት ሆና ነው የበላችው፣ ሰው እያለ ነው ወይስ ወጥቶ ይላሉ። ከጨረሱ በኋላ ብቻ ስለ እናንተ ደኅንነት ይጠይቃሉ፤ ይህን ታገሷቸው።

አንድ ጎደሎ አላቸው፣ ለእውነት እንናገር፦ ይዘገያሉ። ለልጅ ልደት፣ ለበዓል ስጦታ ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ። ከእርሳቸው ዘንድ ስትሄዱ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት ውሾቹን ያበላሉ። የግቢያችሁን በርና አጥር በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ የአከራያችሁን ስልክ ቁጥር ያዙ፣ ቀን ቤት የሚውለውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እርሱ ወይም ያለ እርሷ ጨዋታው አይጀመርም። የነከሰች ውሻ ካለች ግን መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ተቋም ሩጡ፤ ውሻዋን ሳትገድሉ ለ10 ቀን ለብቻዋ ዝጉባት፣ ጋሼ ጋ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።