«እግር ከነሥልጠናው» ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ሰው ሠራሽ እግር ለማሠራት የምትዘጋጁ ወገኖች፣ «እግር ከነመራመድ ሥልጠናው በአንድ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሥልጠናው ምን ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈርልን በሉ። ታላቅ ወንድሜ በስኳር ሕመም ከጉልበቱ በታች እግሩን ካጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የግል ድርጅት የተገባልን የሥልጠና ቃል ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል።

እግሩን አጠለቁለት። ሴራሚክ በተነጠፈ ኮሪደር ጫፍ ላይ አንድ ወጣት ስልኩን ደግኖ «ወደ እኔ ይምጡ፣ ፈገግ ይበሉ» አለው። ወንድሜ ግድግዳውን በመዳፉ እየደገፈ ደረሰ። ቀረጻው ሲያልቅ ሥልጠናውም አለቀ። ቪዲዮው ማስታወቂያ ሆኖ ሲወጣ ግድግዳውን የያዘበት ክፍል ተቆርጧል። ሰውየው የሚኖረው ግን ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር፣ ሲወርድ ሰው ሠራሹ እንደሚቀድም እንኳ የነገረው የለም።

የደንቡ ሥልጠና የሚጀመረው በሁለት የእጅ መደገፊያ ብረቶች መካከል ነው። መጀመሪያ መራመድ የለም፤ ክብደትን በአዲሱ እግር ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው፣ ሰውነት ቶሎ አያምነውምና። ቀጥሎ እኩል እርምጃ፣ ዳገት፣ ጠጠር፣ ወድቆ መነሣት ይመጣል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ መካከል ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል እብጠቱ እየጎደለ ሶኬቱ፣ ማለትም ይህ ክፍል የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ቋት፣ ይሰፋዋል፤ በቀሪው እግር ላይ ካልሲ መደረብ፣ ውሎ አድሮም ሶኬቱን መቀየር ግድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስሜቱ ሊደነዝዝ ስለሚችል ቁስሉ ላይታወቀው ይችላል፤ እግሩን ባወለቀ ቁጥር ቆዳውን በመስታወት ማየት አለበት፣ ቶሎ የማይጠፋ መቅላት ካለም ሶኬቱ ይታይ።

እኛም ሶኬቱን ለማስተካከል ወደ ድርጅቱ ተመልሰን ስንሄድ «ማስተካከያ ለብቻው ይከፈላል» ተባልን። ደረሰኙ ላይ «እግር፣ 1» ከሚለው በቀር ስለ ሥልጠና አንድም ቃል የለም።

አሠልጣኙ ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ነው ወይስ ሻጩ ራሱ? ስንት ጊዜ ያሠለጥናል? የመጀመሪያዎቹ ወራት ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው? የምንለማመድበት ደረጃ የታለ? ይህን ሁሉ ጠይቁ። እንደ ደሴና አርባ ምንጭ ያሉት የአካል ተሐድሶ ማዕከላት መራመድ ማለማመድን ከሥራቸው የሚቆጥሩ ናቸውና ወረፋ ቢኖርም ቀድማችሁ ሞክሯቸው። ስትሄዱ የዘወትር ጫማችሁን ያዙ፤ የሰው ሠራሹ እግር አቋም የሚስተካከለው በተረከዙ ከፍታ ልክ ነው።