ሲ፣ ቦው፣ ዴልታ ወይስ ፎይል? የመጀመሪያ ካይታቸውን ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

የካይትቦርዲንግ (በነፋስ በሚበር ትልቅ ጨርቅ፣ ማለትም በካይት እየተጎተቱ በሰሌዳ ውኃ ላይ የመንሸራተት) ትምህርቱን ጨርሶ የራሱን ካይት ሊገዛ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ መጠንና ስለ ዋጋ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም ቀድመው መልስ ማግኘት ያለባቸው ሌሎች ሁለት አሉ፦ ነፋሱ በድንገት ሲበረታ ካይቱ ጉልበቱን ምን ያህል ይለቃል? ውኃ ላይ ሲወድቅስ በቀላሉ ይነሳል ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ የሚከብደው የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ ነው፤ ነፋሱ ከ12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ወደ 24 ኖት ሲደርስ ፍጥነቱ በእጥፍ ብቻ ቢጨምርም ካይቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ሲ ካይት ስሙን ያገኘው በነፋስ ተሞልቶ ሲቆም እንደ ላቲኑ ሲ ፊደል ስለሚቀስት ነው። ገመዶቹ ያለ ልጓም (ገመዱን ካይቱ ላይ ወደ ብዙ ቦታ የሚያከፋፍሉ ክሮች) በቀጥታ ከአራቱ ማዕዘኖች ጋር ይታሰራሉ፤ አንዳንዱም አምስተኛ ገመድ ይጨመርለታል። በዚህ አሠራሩ ምክንያት ባሩን፣ ማለትም በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ዘንግ፣ ወደ ፊት ሲገፉት ጉልበቱ የሚቀንሰው በከፊል ብቻ ሲሆን፣ ውኃ ላይ ሲወድቅም በተለይ በደካማ ነፋስ ማስነሳቱ ያደክማል። ባሩን ከወገብ መታጠቂያቸው አላቅቀው በአየር ላይ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ለሚያሻግሩ ጎበዞች ግን ተወዳዳሪ የለውም፤ በዝላዩ መካከል ገመዶቹ ለአፍታ ስለሚላሉ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ጊዜ ይሰጣል። ያገለገለ ሲ ካይት በርካሽ ሲገኝ ያጓጓል። ሆኖም ለጀማሪ የሚመክረው ሻጭ ቢያጋጥምዎ፣ ምንም ያህል ቢረክስ እንዲተዉት እመክራለሁ።

ቦው ካይት የመጣው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። በአየር የሚነፋውን ካይት እ.ኤ.አ. በ1984 በፈጠራ መብት ያስመዘገቡት ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ከፈረንሳይ ብሪታኒ የመጡ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ ቦው ደግሞ በ2005 ገደማ ከዚያው ከብሩኖ ሥራ ተወልዶ ለገበያ ቀረበ። ቅስቱ ዝርግ ያለ፣ የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ የፊት ቱቦው ላይ በተዘረጋው ልጓም አማካይነትም ባሩ ሲገፋ የካይቱ አቀማመጥ ከነፋሱ አንጻር ስለሚለወጥ ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ይለቀቃል። አንድ መጠን ሰፊ የነፋስ ክልል ስለሚሸፍንለት በአንድ ካይት መወሰን ለሚፈልግ ሰው ይጠቅመዋል። ሆኖም ብዙዎቹ ቦው ካይቶች ባሩ ላይ ከበድ ስለሚሉ ከረጅም ሰዓት በኋላ ክንድን ያዝላሉ።

ዴልታ በጉልበት አለቃቀቁ ከቦው እምብዛም አይርቅም፤ ብልጫው ከውኃ አነሳሱ ላይ ነው። ክንፎቹ ወደ ኋላ ስለተጠረጉ፣ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ሲወድቅ አንዱን የኋላ ገመድ ከባሩ ከፍ ብለው ይይዙና ቀስ ብለው ይስባሉ። አንዱ ክንፍ ከውኃው ይላቀቃል፤ ጨርቁ እየተንጠባጠበ ካይቱ በጎኑ ይቆምና በነፋሱ ሊበር ወደሚችልበት የሰማይ ክፍል ጠርዝ ተንሸራቶ ይነሳል። ይህ በዋዛ የሚታይ ብልጫ አይደለም። ከሞምባሳ በስተደቡብ በሚገኘው የኬንያ ዲያኒ ዳርቻ፣ ፊት ለፊት የኮራል ድንጋይ ተዘርግቷልና ማዕበሉ በሚሰበርበት መስመር አጠገብ ካይቱ የማይነሳለት ሰው ገመዱ ከድንጋዩ ጋር ሊተበተብበት ይችላል። በዛሬው ገበያ ብዙው ካይት የቦውንና የዴልታን ጠባይ የቀላቀለ ነው፤ የእኔም ምርጫ ለመጀመሪያ ገዢ ከፊት ቱቦው ወደ ኋላ ጠርዙ የሚዘልቁ ሦስት ተሻጋሪ ቱቦዎች ያሉት እንዲህ ያለ ቅይጥ ካይት ነው። ባለ አንድ ቱቦው ቀላል ሆኖ በደካማ ነፋስ ቶሎ ቢነሳም ነፋሱ ሲበረታ ጨርቁ ይርገበገባል።

ፎይል ካይት የሚነፋ ቱቦ የለውም፤ እንደ ፓራግላይደር ክፍል ክፍል የሆነው ጨርቁ በነፋሱ ራሱ ይሞላል። በደካማ ነፋስ የሚስተካከለው ስለሌለ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማርሴይ ላይ የተካሄደው የካይት ውድድር በፎይል ካይትና በሃይድሮፎይል ሰሌዳ (ከሥሩ ክንፍ ኖሮት ከውኃው በላይ ከፍ በሚል ሰሌዳ) የተደረገ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ የልጓሙ ቀጫጭን ክሮች በቀላሉ ይጠላለፋሉ፤ ውኃ ላይ ቆይቶ ክፍሎቹ ውኃ ከጠጡ ማስነሳቱ ይቸግራል። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ካይት ሊሆን ይገባዋል።

ዓይነቱ ከተወሰነ በኋላ መጠኑ ይከተላል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ካሬ ሜትር በግምት ከ14 እስከ 20 ኖት፣ 9 ካሬ ሜትር ደግሞ ከ18 እስከ 26 ኖት ያገለግላል። ከባድ ሰው ከፍ፣ ቀላል ሰው ዝቅ ያድርግ። ከሰዓት በኋላ ለስለስ ያለ የባሕር ነፋስ በሚበዛበት በዱባይ ለሚኖር አንባቢ 12ቱ ይቀድማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ኩሲ የሚባለው ደቡባዊ ነፋስ በሚጠነክርበት ዲያኒ ግን 9ኙ ብዙ ቀን ይወጣል።

ያገለገለ ካይት የሚገዙ ከሆነ፣ የአራቱን ገመዶች ጫፍ አንድ ምሰሶ ላይ አስረው ባሩን ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ባሩ ካዘነበለ ገመዶቹ እኩል አይደሉም ማለት ነው። የድንገተኛ መልቀቂያውን ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ደጋግመው ይሞክሩት፤ አሸዋ ገብቶበት የሚያንገራግር ከሆነ ሌላ ባር ይፈልጉ። ጨርቁን በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት እንደ አዲስ ወረቀት ካልተንኮሻኮሸና እንደ ታጠበ ነጠላ ከላላ ፀሐይ ጨርሶታል። በመጨረሻም ካይቱን ነፍተው ያሳድሩት፤ ጠዋት የፊት ቱቦው ልሞ ከተገኘ ቫልቮቹን የሳሙና ውኃ ይቀቡና አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ለሻጩ አሳይተው ስለ ዋጋው እንደገና ይነጋገሩ።