ለባሕር ዳር አየር የትኛው የቫኒላ ሽቶ ይስማማል? የአራት ከባድ ሽቶዎች ንጽጽር

ከባድ የቫኒላ ሽቶ ለመግዛት የወሰነ የባሕር ዳር ነዋሪ ከብራንዱ ስምና ከጠርሙሱ ውበት በፊት ሊያስባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነሱም የከተማዋ ሙቀትና የሚለብሰው ልብስ ቀለም ናቸው። ቫኒላ የሚወደደው ቆዳ ላይ ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይና በልኩ ሲቀቡት ቀረብ ላለ ሰው ቀስ እያለ ስለሚገለጥ ነው። ዕጣንና ከርቤ በሚጨስበት፣ ቡና በየዕለቱ በሚቆላበት ቤት ላደገ ሰው እንዲህ ያለው ሞቅ ያለ መዓዛ እንግዳ አይሆንበትም።

ቫኒላ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ የኦርኪድ ተክል ፍሬ ሲሆን ዛሬ በብዛት የሚመረተው በማዳጋስካር ነው። አበባው በአብዛኛው በእጅ የሚዳቀል ሲሆን፣ ለዚህ የሚያገለግለውን ቀላል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1841 ያገኘው በሬዩንዮን ደሴት በባርነት ይኖር የነበረው የ12 ዓመት ልጅ ኤድሞንድ አልቢየስ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ተፈጥሯዊውን ቫኒላ ውድ ስላደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ1874 በጀርመን ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ የተሠራው የቫኒላ ዋና የመዓዛ ንጥረ ነገር ቫኒሊን፣ በኋላም ከእሱ ሦስት እጥፍ ያህል የሚበረታው ኤቲል ቫኒሊን የሽቶ ሥራን ለወጡት። ስለዚህ “ተፈጥሯዊ” የሚለውን ጽሑፍ ብቸኛ መመዘኛ ማድረግ አይገባም፤ ከታላላቆቹ የቫኒላ ሽቶዎች አንዱ የቆመው በዚሁ ኤቲል ቫኒሊን ላይ ነው።

እሱም እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ የቀረበው የጌርላን ሻሊማር ነው። ሲረጭ መጀመሪያ የሚሸተው ቤርጋሞት የተባለው የሎሚ ዘመድ ነው፤ ቫኒላው ከዚያ በኋላ ከሙጫና ከጭስ መዓዛ ጋር ተዋሕዶ ይመጣል። ይህ የሎሚ ትኩስነት ጣፋጭነቱን ስለሚገታው ከአራቱ ሙቀትን በተሻለ የሚችለው ሻሊማር ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኢቭ ሳን ሎራን ብላክ ኦፒየም ቡናን፣ ነጭ አበቦችንና ቫኒላን ያጣመረ ነው። የዘጌን ቡና እየጠጣ ያደገ ሰው ግን የተቆላ ቡና ሽታ አገኛለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ እመክራለሁ፤ የሚያገኘው በስኳር የተለወሰ ቡና ነው። ለወጣት ሴቶች፣ ለማታ መዝናኛ ይስማማል።

የቶም ፎርድ ቶባኮ ቫኒል (እ.ኤ.አ. 2007) የትምባሆ ቅጠል፣ ቅመማ ቅመምና ካካዎ ያለበት፣ ወንዶችም ሴቶችም የሚቀቡት ሽቶ ነው። ግሩም ነው፤ ዋጋው ግን ከአራቱ ከፍተኛው ነው፤ በቀትር ፀሐይም ያፍናል። የላታፋ ኻምራ (እ.ኤ.አ. 2022) በዱባይ ኩባንያ የተሠራ፣ ቀረፋና ተምር ጎልተው የሚሸቱበት፣ ዋጋውም ከሌሎቹ በብዙ የሚያንስ ነው። ጣፋጭነቱ ቢበዛም በገንዘቡ ልክ ከታየ የሚወዳደረው የለም፤ ከባድ ቫኒላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የምመርጥለት እሱን ነው።

በባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ሙቀት ሽቶን ከቆዳ ላይ በፍጥነት ስለሚያስነሳ፣ በማለዳ ለስለስ ብሎ የነበረው ቫኒላ በቀትር ባጃጅ ውስጥ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ሊያስጨንቅ ይችላል። ስለዚህ ቶባኮ ቫኒልንና ኻምራን ለጥር ሠርግ ምሽትና ለክረምቱ ዝናብ ማቆየት፣ ለሚያዝያ ሠርግ ደግሞ ሻሊማርን፣ እሱንም በአንድ ርጭት ብቻ መቀባት ይበጃል።

ስለ ነጭ ልብስ በጥብቅ ማሳሰብ የምፈልገው ነገር አለ። ቫኒሊን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲቆይ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ብዙ የቫኒላ ሽቶዎች በጠርሙሳቸው ውስጥ እያሉ ወርቃማ ወይም ቡናማ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ፈሳሽ በሐበሻ ቀሚስ ወይም በነጠላ ላይ ቢረጭ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ልብሱ ተጣጥፎ ከከረመ በኋላ ግን ቢጫ ነጠብጣብ ሊወጣበት ይችላል። ለጥምቀት ነጭ የሚለብስ ሰው ሽቶውን ከመልበሱ በፊት በአንገቱና በእጁ አንጓ ላይ ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ ነጠላው ላይ በፍጹም አይርጭ።

ሽቶው በወረቀት ላይ ብቻ ተሽቶ መገዛት የለበትም። እጅ ላይ ተረጭቶ፣ ገዢው ከመደብሩ ወጥቶ በሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ ጥቂት ይራመድ፤ የሎሚው ወይም የቅመሙ ሽታ አልፎ ቫኒላው ብቻውን እስኪቀር ሰዓታት ስለሚወስድ ውሳኔውን ወደ ማታ ማድረጉ ይሻላል። ሲገዛም በካርቶኑና በጠርሙሱ ሥር የታተመው የምርት መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ቁጥሮቹ ከተለያዩ ሽቶው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዛው።